ለኮፒ ቤት ሥራ፦ ሊኑክስና ሊብሬኦፊስ ይሻለኛል ወይስ ላይሰንስ ልግዛ?

ኮፒ ቤት ፔዳ በር

ሰላም ለሁላችሁ። ባሕር ዳር ፔዳ በር አካባቢ የጽሕፈት፣ የኮፒና የጥረዛ ቤት አለኝ። ከከፈትኩት 9 ዓመት ሆነኝ። አራት ኮምፒውተር፣ ሁለት ፕሪንተርና አንድ ትልቅ ኮፒ ማሽን አለን። ከእኔ ጋር ሁለት ልጆች ይሠራሉ። የምንሠራው የተማሪ ቴሲስ፣ ማመልከቻ፣ ሲቪ፣ ውል፣ የሠርግ ጥሪ፣ የተዝካር ካርድ ነው። ሰኔ ሲገባ እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት አንዘጋም።

እስካሁን የምንጠቀመው ክራክ ነው፤ ሳይከፈልበት መቆለፊያው ተሰብሮ የሚጫን ፕሮግራም ማለት ነው። ዊንዶውሱም፣ ኦፊሱም፣ ፎቶሾፑም። ኮምፒውተር የሚሠራልን ልጅ በፍላሽ ያመጣል፣ ይጭናል፣ ሒሳቡን ተቀብሎ ይሄዳል። ሌላ መንገድ እንዳለም አስቤ አላውቅም ነበር።

ባለፈው ግንቦት አንድ ጠዋት ገብቼ የመጀመሪያውን ኮምፒውተር ስከፍት የፋይሎቹ ስም ሁሉ መጨረሻ ላይ የማላውቃቸው ፊደሎች ተቀጥለዋል። አንዱም አይከፈትም። ስክሪኑ ላይ በእንግሊዝኛ ዶላር ክፈሉ የሚል ጽሑፍ ተቀምጧል። እዚያ ኮምፒውተር ውስጥ የ11 ተማሪ ቴሲስ ነበር። ሰባቱ በፍላሽ ወይም በቴሌግራም ቅጂ አላቸው። አራቱ የላቸውም። አንዷ ከሞጣ የመጣች ልጅ ናት። ደንበኛ የሚቀመጥበት አግዳሚ ላይ ተቀምጣ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ያለቀሰችው ከዓይኔ አይጠፋም። ደግነቱ አማካሪዋ አርሞ የመለሰላት የወረቀት ረቂቅ ነበራት። ከልጆቹ ጋር ተቀምጠን በሦስት ሌሊት 96 ገጽ መልሰን ጻፍንላት። ገንዘብ አልተቀበልኳትም። እንዴት ብዬ?

በኋላ ያየው ባለሙያ ቫይረሱ የገባው ኦፊሱን ለማስነሳት ከተጫነው አክቲቬተር ጋር ነው አለኝ። ሲጫን ፀረ ቫይረሱ ጠፍቶ ነበር። ካልጠፋ አይሠራማ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ክራክ የሚባል ነገር ቤቴ እንዳይገባ ወስኛለሁ። አሁን የቸገረኝ ቀጥሎ ያለው ነው። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አልቋል። ሁለቱ ኮምፒውተሮቼ አሮጌ ስለሆኑ ዊንዶውስ 11 አይቀበሉም። ለንድፍ ሥራው የሚከፈለው ወርኃዊ ክፍያ በዶላር ነው። እኔ በዶላር የሚከፍል ካርድ የለኝም። ደግሞ ከሐምሌ 2016 በኋላ ዶላሩ በብር ሲመነዘር የት እንደደረሰ ታውቃላችሁ። የእህቴ ልጅ ደግሞ «ሁሉንም ሊኑክስ አድርጊውና ተገላገይ» ትለኛለች። ሊኑክስ በዊንዶውስ ፈንታ፣ ሊብሬኦፊስ ደግሞ በኦፊስ ፈንታ በነጻ የሚጫን ነው።

የምፈራው የቴሲሱን ፎርማት ነው። ተማሪው በዎርድ ጽፎ ያመጣል፤ እኛ ጋ ሲከፈት ገጹ ከተዛባ አልቆልናል። አማርኛ መጻፉስ? ፕሪንተሩስ ይታዘዛል? በሥራ ላይ የሞከራችሁት ካላችሁ እባካችሁ ምከሩኝ። ከመስከረም በፊት መወሰን አለብኝ።

የፖሊው

እህቴ አይዞሽ። ለዚያች ልጅ ላደረግሽው እግዚአብሔር ይስጥሽ።

እኔ ፖሊ አካባቢ የኮምፒውተር ጥገናና ኔትወርክ እሠራለሁ። ሊኑክስ ከጀመርኩ 8 ዓመት አልፎኛል። በፊት ለሁሉም ሰው ጫኑ እል ነበር። አሁን መጀመሪያ ሥራውን አይቼ ነው የምናገረው።

አንድ ነገር እንለይ። በእኛ ቋንቋ «ነጻ» እና «በነጻ» የሚለያቸው አንድ ፊደል ነው፤ ብዙ ሰው የሚምታታበትም እዚያ ላይ ነው። ክራኩ በነጻ ነበር እንጂ ነጻ አልነበረም። ውስጡ ምን እንደተጨመረ አንቺም ጫኚውም አታውቁም። ኦፕን ሶርስ ሲባል ኮዱ ክፍት ነው፤ የፈለገ ያየዋል፣ ያስተካክለዋል፣ ያባዛዋል። ሕጉ ይፈቅድለታል። ይህ ለአንቺ ምን ይጠቅማል ካልሽ፣ የሊብሬኦፊስን አመጣጥ እዪ። ከእሱ በፊት ኦፕንኦፊስ ነበር። የያዘው ኩባንያ በ2010 እ.ኤ.አ. በሌላ ኩባንያ ሲገዛ ሠሪዎቹ ሥጋት ገባቸው። ኮዱን ይዘው ወጡና በዚያው ዓመት ሊብሬኦፊስ ብለው ቀጠሉ። ፈቃዱ ስለሚፈቅድ የሚከለክላቸው አልነበረም። በሌላ በኩል አዶቤ በ2013 እ.ኤ.አ. አዲሱን ፎቶሾፕ አንድ ጊዜ ከፍሎ መግዛትን ትቶ ወደ ወርኃዊ ክፍያ ሲዞር፣ ተጠቃሚው ወይ መክፈል ወይ በአሮጌው መቆየት ነበረበት።

ወጪ የለውም ብለሽ ግን እንዳትገቢበት። ወጪው የልጆችሽ ጊዜ ነው። በመጀመሪያው ወር ሥራ ይዘገያል። ስለዚህ በሰኔ እንዳትሞክሪው። ክረምቱ፣ ተማሪው አገር ቤት የገባበት ጊዜ፣ ጥሩ ነው።

ወደ ፎርማቱ ልምጣ፤ ዋናው ጭንቀትሽ እሱ ነው። ገጽ የሚዛባው አብዛኛውን ጊዜ በፎንት ምክንያት ነው። በእንግሊዝኛ ለተጻፈ ቴሲስ ብዙ አትጨነቂ። ሊብሬኦፊስ ታይምስ ኒው ሮማን ሲያጣ ሊበሬሽን ሴሪፍን ይተካል፤ የሁለቱ ፊደላት ስፋት እኩል እንዲሆን ተደርጎ ስለተሠራ መስመሩ የሚሰበርበት ቦታ አይለወጥም። ለካሊብሪም ካርሊቶ የሚባል አለ። አማርኛው ላይ ነው ጉዱ። ዊንዶውስ ላይ የለመድነው ኒያላ ሊኑክስ ላይ የለም፤ ሌላ የግዕዝ ፎንት ሲተካው ስፋቱ ስለሚለይ ገጽ ይጨምራል። መፍትሔው አቢሲኒካ ኤስ.አይ.ኤል. ወይም ኖቶ ሴሪፍ ኢትዮፒክን መጫን ነው። ሁለቱም ክፍት ናቸው። በሊኑክሱም በዊንዶውሱም ላይ ጫኚና ቤታችሁ ውስጥ አማርኛ በአንድ ፎንት ብቻ ይጻፍ።

የድሮ የአማርኛ ፋይል ካለሽ ተጠንቀቂ። ግዕዝ ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ለዓለም ፊደላት ሁሉ የየራሳቸውን ቁጥር በሚሰጠው ሥርዓት ውስጥ፣ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት የግዕዝ ፎንቶች፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት የተጠቀምንባቸው፣ የእኛን ፊደል በላቲን ፊደል ቦታ ነበር የሚያስቀምጡት። ፎንቱ ከሌለ ጽሑፉ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደልና ምልክት ሆኖ ይታያል። እንዲህ ያለውን ወደ ዩኒኮድ ሳትለውጪ ዊንዶውሱን እንዳታጠፊ። አማርኛ ለመጻፍ ኪይማን በሊኑክስም ይሠራል፤ እሱም ክፍት ሆኗል።

ሌላ ጥንቃቄ አለ። በዞቴሮ ወይም በሜንደሌይ ማጣቀሻ የገባበት ቴሲስ በዎርድና በሊብሬኦፊስ መካከል ሲመላለስ ማጣቀሻው ተራ ጽሑፍ ሆኖ ሊቀር ይችላል። ተማሪው በኋላ ላስተካክል ሲል አይታዘዝለትም። እንዲህ ያለውን ፋይል አትንኪው። ራሱ ፒ.ዲ.ኤፍ. አድርጎ ያምጣልሽ።

አካሄዱ እንዲህ ይሁን። ሊኑክሱን ለጊዜው ተይው። አሁን ባለው ዊንዶውስ ላይ ሊብሬኦፊስን ጭነሽ ልጆቹ ሁለት ሳምንት ይሥሩበት። ከለመዱት አንዱን አሮጌ ኮምፒውተር ሊኑክስ ሚንት አድርጊው። ሚንት 22 እስከ 2029 እ.ኤ.አ. ድጋፍ አለው።

ከሁሉም በፊት ግን ባክአፕ፣ መጠባበቂያ ቅጂ። ሊኑክስ ላይም ዲስክ ይበላሻል፣ ሌባም ይገባል። ሁለት የውጭ ሃርድ ዲስክ ግዢና በየቀኑ አፈራርቂ። አንዱ ሁልጊዜ ከኮምፒውተር ተነቅሎ ቤትሽ ይደር።

የሒሳብ ሰው

ልጄ፣ የወንድማችንን ምክር አከብራለሁ። ሆኖም ሌላውንም ወገን መስማት ይጠቅምሻል።

በሒሳብ ሥራ 20 ዓመት ቆይቻለሁ። አንድ የማማክረው ነጋዴ በአንድ ቅዳሜና እሑድ ሁሉንም ኮምፒውተር ሊኑክስ አስደረገ። ሒሳቡ በፒችትሪ ነበር የተያዘው። ፒችትሪ የተሠራው ለዊንዶውስ ነው። ሰኞ ጠዋት ሒሳብ ሠራተኛዋ ደወለችልኝ፤ ድምፅዋ ይንቀጠቀጣል። የወሩ ግብር የሚከፈልበት ሳምንት ነበር። ነጋዴው ይህን ያደረገው ክፉ አስቦ አልነበረም። ሥራው በየትኛው ፕሮግራም ላይ እንደቆመ ሳይጠይቅ ነው የጀመረው።

ስለዚህ ከመወሰንሽ በፊት ደንበኛሽ በምን ይዞ እንደሚመጣ፣ ከአንቺ የሚቀበለውስ ምን እንደሚፈልግ ቁጠሪ። ተማሪው ዎርድ ይዞ መጥቶ ዎርድ ይዞ የሚሄድ ከሆነ ቢያንስ አንድ ኮምፒውተር ላይ ሕጋዊ ዎርድ ይኑርሽ። በየወሩ የማይከፈልበት አለ፤ ኦፊስ 2024 አንድ ጊዜ ተከፍሎ ለአንድ ኮምፒውተር ይገዛል። ለቤት ብቻ የሚሸጠውና ለንግድ ሥራ የሚፈቀደው ይለያያሉና ለይተሽ ግዢ። ካርድ ከሌለሽ በብር ከፍለሽ ደረሰኝ የሚሰጥሽ ሻጭ ፈልጊ። ደረሰኙ ለሒሳብሽም ወጪ ሆኖ ይያዝልሻል።

ሌላው ደግሞ ኦፕን ሶርስ የተባለው ሁሉ ሙሉ አይደለም። ኦዱ የሚባለውን የንግድ ሥራ ማስተዳደሪያ ፕሮግራም እንውሰድ። ነጻው ስሪት የሽያጭ ደረሰኝ ያወጣል፤ ሙሉው የሒሳብ አያያዝ ግን ያለው በሚከፈልበት ስሪት ውስጥ ነው። ሰው ነጻ ነው ብሎ ይጀምራል፣ ሥራውን ሁሉ ያስገባበታል፣ መሀል መንገድ ላይ ክፍያው ይመጣል። ሊብሬኦፊስ እንዲህ አይደለም፣ እሱን አውቃለሁ። ሌላ ፕሮግራም ሲያመጡልሽ ግን ጠይቂ።

ጣና ዳር

ሰላም። እኔ ኮፒ ቤት የለኝም። የጣናን እምቦጭ በሳተላይት ምስል እየለየሁ ካርታ እሠራለሁ። የደረሰብኝ ነገር ከእህታችን ጭንቀት ጋር ስለሚገናኝ ልንገራችሁ።

ተማሪ እያለሁ የምሠራው በትምህርት ፈቃድ በሚሰጥ የንግድ የካርታ ፕሮግራም ነበር። ጥሩ ፕሮግራም ነው፤ ዛሬም ቢሆን አንዳንድ ነገር ከእሱ ጋር ቢሆን ይቀለኛል። ስመረቅ ፈቃዱ አለቀ። የሁለት ዓመት ሥራዬ፣ የፎገራና የደንቢያ ዳርቻ የእምቦጭ ካርታ በሙሉ፣ በዚያ ፕሮግራም የራሱ ፎርማት ተቀምጧል። ፋይሉ በእጄ ነው፤ የሚከፍተው ፕሮግራም ግን የለኝም። እህቴ፣ ያቺ ልጅ አግዳሚው ላይ የተሰማትን አውቀዋለሁ።

ያወጣኝ ኪውጂስ የሚባል ክፍት የካርታ ፕሮግራም ነው። ውስጡ ጂዳል የሚባል ክፍት የኮድ ስብስብ አለ፤ የብዙ ድርጅቶችን ፎርማት ያነባል። የማያውቁኝ ሰዎች ለዓመታት ቁጭ ብለው የሰው ፎርማት እየፈቱ ጽፈውታል። አንድ ማታ ፋይሌን ጎትቼ ስጥልበት ሐይቁ ከነዳርቻው፣ እምቦጩ ከነአረንጓዴው መጣ። ተነሥቼ በረንዳ ላይ ቆምኩ። እንባ ነበር የመጣብኝ።

አሁን ሁሉም ሥራዬ በክፍት መሣሪያ ነው። ምስሉን ከሴንቲኔል 2 ሳተላይት አወርዳለሁ፤ በየ5 ቀኑ ገደማ ይመጣል፣ አንዱ ነጥብ መሬት ላይ 10 ሜትር በ10 ሜትር ነው፣ አይከፈልበትም። ክረምት ላይ ደመናው ሐይቁን ሲሸፍን የሴንቲኔል 1 ራዳር ደመናውን አልፎ ያያል። ካርታውን የሚፈልግ የገበሬ ማኅበር ቢኖር ከነፋይሉ እሰጠዋለሁ፣ ፕሮግራም ግዛ አልለውም።

ስለዚህ እህቴ፣ የምትመርጪው ፕሮግራም ምንም ይሁን፣ የሌሎች ሰዎች ሥራ በእጅሽ ነውና ቅጂውን ሌላ ፕሮግራም በሚከፍተው ፎርማት አስቀምጪላቸው።

ኮፒ ቤት ፔዳ በር

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሦስት ሳምንት ዝም ያልኩት እየሞከርኩ ስለነበር ነው።

እንደተመከርኩት በሊብሬኦፊስ ጀመርን። አንደኛዋ ልጅ በአራተኛው ቀን ለመደችው። ሁለተኛው ልጅ ሳምንት ሙሉ ተነጫነጨ። «ይሄ የት ሄደ፣ ያ የት ሄደ» ይል ነበር። እውነቱን ነው፤ 6 ዓመት እጁ የለመደውን ነው የቀየርኩበት። የቁልፎቹን ዝርዝር በአማርኛ ጽፌ ስክሪኑ ጎን ለጠፍኩለት።

ከዚያ 10 የቆዩ ቴሲሶችን፣ ባለቤቶቻቸውን አስፈቅጄ፣ በዎርድና በሊብሬኦፊስ ጎን ለጎን ከፈትን። ስድስቱ ገጽ በገጽ እኩል ወጡ። አንዱ በአማርኛ የተጻፈ፣ በዎርድ 112 ገጽ የነበረ፣ ሊኑክስ በጫንበት ኮምፒውተር 115 ሆነ። ማውጫው ምዕራፍ አራት ገጽ 71 ይላል፤ ምዕራፉ ያለው 73 ላይ ነው። ልክ የፖሊው እንዳለው ኒያላ ነበር። ሁለቱም ማሽን ላይ አቢሲኒካ አድርገን ማውጫውን ስናድሰው ሁለቱም ጋ እኩል ገጽ ሆነ። የቀሩት ሦስቱ ግን አስቸግረዋል። ጽሑፍ ውስጥ በሳጥን የገቡ ሥዕሎች አሏቸው፤ ሳጥኑ ከቦታው ይንሸራተታል። አንዱ ሥዕል የገጹን ቁጥር ሸፍኖት ነበር። እሱን በእጅ ካላስተካከልን አልሆነም።

ስለዚህ እንዲህ ወሰንኩ። ሁለቱ አሮጌ ኮምፒውተሮች ሚንት ሆነዋል። ማመልከቻ፣ ሲቪ፣ ውልና አዲስ የሚጻፍ ነገር ሁሉ እዚያ ላይ ነው። ሦስተኛው ላይ ሕጋዊ ዊንዶውስ 11ና የንግድ ፈቃድ ያለው ኦፊስ ገዛሁ፤ ተማሪ በዎርድ ያመጣው ቴሲስ የመጨረሻ ሥራው እዚያ ይሠራል። ጋሼ፣ የእርስዎን ምክር ይዤ ነው፤ ደረሰኙም በፋይል ተቀምጧል። ጠቅላላ ወጪው ከፈራሁት አነሰ፤ አራት ይገዛል ብዬ ነበር ያሰብኩት።

የካርዱ ሥራ አራተኛው ላይ ነው፤ እሱም ሚንት ሆኗል፣ ግን ገና አላለቀም። በፎቶሾፕ ፈንታ በክፍቶቹ የንድፍ ፕሮግራሞች፣ በጊምፕና በኢንክስኬፕ፣ እየሠራን ነው። ጊምፕ በመጋቢት 2017 3.0 ወጥቶለታል፤ አብራኝ የምትሠራው ልጅ ወዳዋለች። ባነር የሚያትምልን ቤት ግን ለማተሚያ የሚሆነውን አራት ቀለም ይፈልጋል፤ ኢንክስኬፕ የሚያወጣው የስክሪኑን ቀለም ነው። ባለፈው የላክነው የሠርግ ባነር ላይ ስክሪን ላይ የነበረው ደማቅ ሐምራዊ ደብዝዞ መጣ። ሙሽራዋ ሳታየው በራሴ ወጪ አስደገምኩት። አሁን ማተሚያ የሚሄደውን ስክሪበስ በሚባል የኅትመት ገጽ ማዘጋጃ ፕሮግራም እናወጣለን፤ እሱ አራቱን ቀለም ያውቃል። ለመልመድ ግን ጊዜ ይፈልጋል።

ባክአፑ ገብቷል። ሁለት ዲስክ ነው፤ አንዱ ማታ ማታ በቦርሳዬ ይዤው እገባለሁ። ተማሪውም ሥራውን ሲወስድ ዎርዱን፣ ፒ.ዲ.ኤፍ.ና ኦ.ዲ.ቲ. (የሊብሬኦፊስ ፎርማት) ሦስቱንም በፍላሹ እንገለብጥለታለን። ጣና ዳር፣ ይህ ከአንተ የመጣ ነው።

ከሞጣ የመጣችው ልጅ በሐምሌ ተመርቃለች። ከእናቷ ጋር መጥታ ነበር። ቅጂውን በሦስት ቦታ አስቀምጫለሁ አለችኝ።

አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ። ኤችፒው ፕሪንተር ሚንት ላይ ሲሰካ ወዲያው ሠራ። ሁለተኛው፣ ትንሹ ሌዘር ግን ስሙን ያሳያል እንጂ አያትምም። ወረቀቱን ይስባል፣ ባዶ ያወጣል።

የፖሊው

እንኳን ደስ ያለሽ እህቴ። ኤችፒ የራሱን የሊኑክስ ድራይቨር በክፍት ኮድ ስላወጣ ነው ያልቸገረሽ። ትንሹ ሌዘር ምናልባት ሥራውን ለዊንዶውስ ድራይቨር የሚተው ዓይነት ይሆናል። እንዲህ ከሆነ ዊንዶውሱ ላይ ሰክተሽ፣ የሌሎቹን ሥራ ፒ.ዲ.ኤፍ. አድርጋችሁ ከዚያ ማተም ይቻላል። ኋላው ላይ የተጻፈውን ሙሉ የሞዴል ቁጥር አንሥተሽ ላኪልኝ። ቅዳሜ ከሰዓት ወደ ፔዳ ስለምመጣ ገብቼ አየዋለሁ። ስክሪበሱንም ለልጅቷ ቁጭ ብዬ አሳያታለሁ።

ኮፒ ቤት ፔዳ በር

እሺ ወንድሜ፣ የሞዴሉን ቁጥር አሁን እልካለሁ። ቅዳሜ ቡና አፍልተን እንጠብቅሃለን።